አባ ጽብራ፤ የሆኋርዋው መነኩሴ



በጎንደር ከተማ በከተራ ዕለት ታቦታቱ በካህናትና በምእመናን ታጅበው ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ይወርዳሉ። ሌሊቱን በማሕሌት ያነጋሉ። ጥር 11 ቀን ጠዋትም ውሃው ተባርኮ ሕዝቡ ይረጫል። ይህ በዓል ጎንደርን በዓለም ፊት ያስጠራ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በወገራ፣ በደምብያ፣ በአርማጭሆና በስሜን ደጋዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሌላ ሕዝብም ከወንዝ ዳር ሰፍሮ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ለሰንበት ዋዜማ ገላውን በወራጅ ውሃ እየታጠበ፣ ኦሪትን በግእዝ እያነበበ ይኖር ነበር። ይህ ሕዝብ ቤተ እስራኤል ነው።

በዚህ የበዓል ገጽ የምናስታውሳቸው ሰው የዚህ ሕዝብ የምንኵስና አባት የሚባሉት አባ ጽብራ ናቸው። አንዳንዶች ስማቸውን ሳብራ ብለው ይጽፉታል። አባ ጽብራ ከቤተ እስራኤል አልተወለዱም። በክርስትና አድገው በክርስትና የመነኰሱ ሰው ነበሩ። በኋላ ግን ወደ ቤተ እስራኤል ሃይማኖት ገብተው፣ ከገቡበት ሕዝብ መካከል ከሁሉ ከፍ ወዳለው መንፈሳዊ ማዕረግ ደረሱ። አንድ የውጭ ሰው ወደ ሌላ እምነት ሲገባ ከደጅ ይቀራል ወይስ እስከ ውስጠኛው ክፍል ይዘልቃል? የእኒህ መነኩሴ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ከጎንደር ምድር የተሰጠ መልስ ነው። የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ አንባቢም ታሪኩን ሲያነብ የጠፋ በግ ታሪክ ብቻ አድርጎ እንዳይመለከተው የሚያደርጉ ብዙ ነገሮች አሉት።

ዘመኑ

አባ ጽብራ የኖሩት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ባለው ጊዜ እንደነበረ የቤተ እስራኤል አባቶች ትውፊት ይናገራል። ዘመኑ የሃይማኖት ጥያቄ የሊቃውንት ጉባኤ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሞትና የሽረት ጉዳይ የሆነበት ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ ትከበር ብለው በማስተማራቸው ከአገር ወጥተው በአርመን ምድር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውም ከሹመትና ከክህነት ርቀው ለብዙ ዓመታት ተሰደዱ። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት አባ ገብረ ኢየሱስ ወደ እንፍራዝ መጥተው በዚያ የነበሩትን አይሁድ ክርስትናን እንዳስተማሩ ገድላቸው ይመሰክራል። በመጨረሻ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰኑ። እንግዲህ ቅዳሜን ማክበር በዚያ ዘመን የአይሁድ ምልክት ብቻ አልነበረም። በገዛ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ቅዱሳን የተሰደዱለት፣ ነገሥታት ጉባኤ የጠሩለት ጉዳይ ነበር። በክርስቲያኑና በቤተ እስራኤሉ መካከል የነበረው ድንበር ዛሬ እኛ በዓይነ ሕሊናችን እንደምንስለው የግንብ አጥር ሳይሆን፣ በበጋ የሚሻገሩት በክረምት የሚሞላ ወንዝ ይመስል ነበር።

ይህን ወንዝ አባ ጽብራ ብቻቸውን አልተሻገሩትም። ከእርሳቸው ቀደም ብሎ በዐፄ ዳዊት ዘመን ቆዝሞስ የተባለ መነኩሴ ገዳሙን ትቶ በስሜንና በጸለምት ወደነበሩት አይሁድ እንደሄደ፣ ኦሪትንም እንደጻፈላቸው በገድለ ያፍቅረነ እግዚእ ተጽፏል። ቆዝሞስ ግን በትምህርት አልቆመም። ሠራዊት አስከትቶ ወደ እንፍራዝ ወርዶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፣ መነኮሳትን ገደለ። በኋላም ከትግራይ በመጣ የንጉሡ ጦር ተሸንፎ ጠፋ። ከእርሱ በኋላ ዐፄ ይስሐቅ ከጎንደር በስተ ሰሜን ኮሶጌ በተባለው ስፍራ ቤተ እስራኤልን ድል አደረጉ። ክርስትና የተነሣ ርስቱን እንዲይዝ፣ ያልተነሣ ግን ርስት እንዳይኖረው እንዳዘዙም ይነገራል። ዛሬ የዚያ ሕዝብ ልጆች እንደ ስድብ የሚቆጥሩትና የማይወዱት ፈላሻ የሚለው ስም፣ አገር አልባ ስደተኛ ማለት ሆኖ ከዚህ ርስት ማጣት ጋር ሲያያዝ ኖሯል።

ወደ አዲሱ እምነት የመጡበት መንገድ

አባ ጽብራ ወደ ቤተ እስራኤል እንዴት እንደገቡ የሚነገረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ትውፊት፣ መነኩሴው ወደ ቤተ እስራኤል የመጡት ለስብከት ነበር ይላል። የክርስቶስን ወንጌል ሊያስተምሩ፣ ሕዝቡንም ሊያጠምቁ ገቡ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለ ኦሪት ሲከራከሩ፣ ጾማቸውንና ሰንበት አከባበራቸውን ሲመለከቱ፣ ሊማርኩ የመጡት ተማርከው ቀሩ ይላል። ሁለተኛው ትውፊት ደግሞ መነኩሴውን በንጉሡ ግቢ ያገኛቸዋል። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ልጆች የሚያስተምሩ፣ በትምህርታቸውና በንጽሕናቸው የታመኑ መምህር ነበሩ ይላል።

ሁለቱ ትውፊቶች በመነሻቸው ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሰውየው መጽሐፍ የሚያውቁ፣ ግእዝን የተማሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጠግበው የወጡ መነኩሴ ነበሩ። ወደ ሌላ እምነት የተሻገሩትም ርስት ፈልገው ወይም ሹመት ሽተው አልነበረም። በዚያ ዘመን ርስትም ሹመትም የሚገኘው በዚህኛው ወገን ነበርና። ከንጉሥ ማዕድ ወደ ዋሻ፣ ከከበሬታ ወደ መታደን የሚወስድ መንገድ መረጡ።

የንጉሡ ልጅ

የአባ ጽብራን ስም ከሁሉ ይልቅ ያስጠራው ግን የተከተላቸው ደቀ መዝሙር ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ልጆች አንዱ የሆነው ጸጋ አምላክ የመነኩሴውን ትምህርት ሰምቶ ልቡ ተነካ፤ መምህሩን ተከትሎም ከአባቱ ግቢ ወጣ። የንጉሥ ልጅ መሆኑን ትቶ፣ በቤተ እስራኤል ሃይማኖት መንኵሶ አባ ጸጋ አምላክ ተባለ።

ይህን ነገር ቀላል አድርገን እንዳናየው የአባቱን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያንን በመጻሕፍት ያበለጸጉ፣ የእመቤታችንን ተአምር በአገሩ ሁሉ እንዲነበብ ያደረጉ፣ ጣዖትና ጥንቈላን ለማጥፋት ቈርጠው የተነሡ ታላቅ ንጉሥ ነበሩ። በዚያው መጠን ግን በሃይማኖት ጉዳይ ለማንም የማይራሩ ነበሩ። የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው ለጣዖት ሰግደዋል ተብለው በተከሰሱ ጊዜ በአደባባይ እንዳስገረፏቸው፣ ከእነርሱም የሞቱ እንዳሉ ዜና መዋዕላቸው ራሱ ይተርካል። ስለዚህ የጸጋ አምላክ ታሪክ ልጅ በአባቱ ላይ የፈጸመው የኩርፊያ ታሪክ አይደለም። ልጁ ምን እንደሚጠብቀው እያወቀ ሄደ። አባትም ዙፋኑንና ሃይማኖቱን ከልጁ በላይ አድርጎ የሚመለከት አባት ነበር።

ንጉሡ ሁለቱን ለመያዝ ጦር እንደላኩ፣ ፍለጋው ረዥም እንደነበረ፣ መምህርና ደቀ መዝሙር ግን በእግዚአብሔር ጥበቃ ከዓይን ተሰውረው እንደተረፉ የቤተ እስራኤል አባቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያወሩ ኖረዋል። የክርስቲያን ቤተሰብ ይህን ሲሰማ የራሱን የገድል መጻሕፍት ማስታወሱ አይቀርም። ቅዱሳን ከነገሥታት ቍጣ በዋሻና በደን የተሰወሩባቸው ታሪኮች በእኛም ዘንድ ብዙ ናቸው። ያ ሕዝብ የራሱን ቅዱሳን ታሪክ የተረከው በዚያው በአገሩ ልማድ ነው።

ሆኋርዋ

አባ ጽብራ የተጠጉበት ስፍራ ከጎንደር በስተ ሰሜን በአርማጭሆ በኩል የሚገኘው ሆኋርዋ ነው። በዚያ በዋሻ ውስጥ በዓት አበጅተው ተቀመጡ። በዙሪያቸውም የቤተ እስራኤል ወጣቶች ተሰበሰቡ። በአገራችን እንደተለመደው በአንድ ባሕታዊ ዙሪያ ማኅበር ተመሠረተ፤ ማኅበሩም ገዳም ሆነ። ሆኋርዋ ከዚያ ወዲያ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል የቤተ እስራኤል ምንኵስና ዋና መቀመጫና የአምልኮ ስፍራ ሆኖ ኖረ። በስሜንና በደምብያም ሌሎች የመነኮሳት ስፍራዎች ተቋቋሙ።

ይህ ነገር የዓለምን ሊቃውንት ሲያስገርም የቆየ ነው። ምክንያቱም በሌላው ዓለም ያሉት አይሁድ ምንኵስና የላቸውም። በሮማውያን ዘመን በሙት ባሕርና በግብፅ ሐይቅ ዳር ተለይተው ይኖሩ እንደነበሩ የተጻፈላቸው ማኅበራት ከጠፉ በኋላ፣ ማግባትና ልጅ መውለድ ለአይሁዳዊ ትእዛዝ ሆኖ ጸንቷል፤ መምህሩም ባለ ትዳር ነው። በኢትዮጵያ ግን ድንግልናቸውን ጠብቀው ወይም ሚስቶቻቸው ሞተውባቸው የመነኰሱ፣ ከሕዝብ ተለይተው የሚጾሙና የሚጸልዩ የኦሪት መነኮሳት ነበሩ። ይህን ሥርዐት ወደ ቤተ እስራኤል ያስገቡት አባ ጽብራ መሆናቸውን ትውፊቱ በአንድ ቃል ይናገራል። ሰውየው ከተወለዱበት ቤት ሲወጡ ባዶ እጃቸውን አልወጡም ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የተማሩትን ጾምና ተጋድሎ፣ የመጽሐፍ ጽሕፈትና የጸሎት ሥርዐት ይዘው ሄዱ።

የሆኋርዋ መነኮሳት ኑሮ ጥብቅ ነበር። መኖሪያቸው ከመንደሩ ተለይቶ በድንጋይ አጥር የተከበበ ሲሆን ምእመናን ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያነጋግሯቸው ነበር። ምግባቸውን ራሳቸው ወይም ለምንኵስና የሚዘጋጁ ረድኦቻቸው ያበስላሉ። ሌላ ሰው የነካውን አይቀምሱም። በአጠቃላይ ቤተ እስራኤል ከሌላ እምነት ተከታይ ጋር ሲነካኩ ሳይታጠቡ ወደ ቤታቸው እንዳይገቡ የሚያዘው፣ አትንኩኝ በሚል ስም የታወቀው የንጽሕና ሥርዐትም በአባ ጽብራ እንደተደነገገ ይነገራል። ሥርዐቱ ለጎረቤት ክርስቲያን መራራ ሆኖ ይሰማ እንደነበር አያጠራጥርም። ርስት ላጣና በመንግሥት ኀይል ለተከበበ ጥቂት ሕዝብ ግን፣ እንደ ጨው በውሃ እንዳይሟሟ የጠበቀው አጥር ይኸው ነበር።

ከመነኮሳቱ ሥራ ዋናው ማስተማር ነበር። በቤተ እስራኤል ዘንድ ቄስ የሚሆን ሰው ከመነኩሴ እግር ሥር ተቀምጦ ኦሪትን፣ ዳዊትን፣ የሰዓቱንና የበዓላቱን ጸሎት በግእዝ ይማራል። ደብተራም እንደዚሁ። ትእዛዘ ሰንበት የተባለውን፣ ሰንበትን በንግሥት አምሳል የሚያወድሰውን ታላቅ መጽሐፋቸውን ለአባ ጽብራ የሚሰጡ አሉ። ከጸሎቶቻቸውም ብዙዎቹ የእርሳቸውና የአባ ጸጋ አምላክ እንደሆኑ ይነገራል። የዜማ አጥኚዋ ኬይ ሸለመይ በ1965 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር አውራጃ የቄሶቹን ጸሎት በድምፅ ቀድታ ከመረመረች በኋላ፣ የቤተ እስራኤል ሥርዐተ ጸሎትና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐተ ጸሎት በቋንቋም በአደራረስም የጠበቀ ዝምድና እንዳላቸው፣ የዝምድናውም ድልድይ እኒሁ መነኮሳት እንደሆኑ ጽፋለች።

እንግዳው መምህር ሲሆን

በቤተ እስራኤል ዘንድ ከሌላ እምነት የሚመጣ ሰው እንዲያው በር ተከፍቶለት አይገባም ነበር። ሥርዐታቸውን ያጠኑ ሰዎች እንደመዘገቡት፣ የሚገባው ሰው ለጥቂት ቀናት ከመንደሩ ውጭ ተለይቶ ይቀመጣል። ቀድሞ የበላው ከሰውነቱ እስኪወጣ ድረስ ጥሬ ሽምብራና ውሃ ብቻ ይቀምሳል። ከዚያ በኋላ ጠጕሩን ተላጭቶ፣ ልብሱን አጥቦ፣ በወራጅ ወንዝ ገብቶ ይነጻል። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ መንደሩ ይገባል። ከወንዙ ሲወጣ ግን እንደ ማንኛውም የቤተ እስራኤል ልጅ ይቈጠራል።

የአባ ጽብራ ታሪክ የሚያሳየን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ትናንት ሽምብራ ሲቈረጥም ከአጥር ውጭ የነበረ ሰው፣ ነገ ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ ለካህናቱ ሕግ ይሠራላቸዋል። ቄሶች ሊባረኩ ወደ እርሱ ይመጣሉ። ምንኵስና በቤተ እስራኤል ከቅስና በላይ የሆነ ማዕረግ ነበርና፣ ከውጭ ለገባ ሰው የተሰጠው የመጨረሻው መቀመጫ ሳይሆን የመጀመሪያው ነበር። ጸጋ አምላክም የአሳዳጁ ንጉሥ ልጅ መሆኑ ተቈጥሮበት አልተገፋም። ስሙ ከመምህሩ ስም ጎን በበረከት ሲጠራ ኖረ።

በሌላው ዓለም ባሉት አይሁድ ሕግ ዘንድም በእምነት የገባ ሰው እንደ ተወላጅ ይቈጠራል። መምህር ሊሆን ይችላል። ኦሪትን ወደ አራማይክ ተረጐመ የሚባለው አንቀሎስ ከአሕዛብ የገባ ሰው እንደነበር ይናገራሉ፤ ከታላላቅ መምህሮቻቸውም የእንዲህ ዓይነት ሰዎች ዘር የሆኑ አሉ። ክህነት ግን ከአሮን ዘር ለተወለደ ብቻ የተጠበቀ ስለሆነ በእምነት የገባ ሰው ካህን አይሆንም። ንጉሥ ሆኖ መሾምም በጥንቱ ሕጋቸው አልተፈቀደለትም። በኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ዘንድ ግን ክህነት የሚገኘው በትምህርትና በምግባር፣ በማኅበረሰቡም ምስክርነት ነበር። ስለዚህም በዘር የማይደረስበት በር በተጋድሎ የሚደረስበት ሆነ።

ይህን ስንሰማ መጽሐፍ ቅዱሳችን የማያውቀው እንግዳ ነገር እንደሆነ አድርገን መገረም አይገባንም። ሞዓባዊቷ ሩት የአማቷን ሕዝብ ሕዝቧ፣ የአማቷንም አምላክ አምላኳ አድርጋ በቤተ ልሔም ቃርሚያ ስትለቅም የውጭ አገር ሴት ነበረች። የንጉሥ ዳዊት ቅድመ አያት ሆነች። ወንጌላዊው ማቴዎስም የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቈጥር ስሟን አልዘለለም። የህንደኬ ጃንደረባም በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ የኢሳይያስን መጽሐፍ በሠረገላው ላይ ያነብ የነበረ፣ በመንገድ ዳር ባገኘው ውሃ በፊልጶስ እጅ የተጠመቀ የአገራችን ሰው ነው። በኢትዮጵያ ኦሪትና ወንጌል የተገናኙት በአንድ መንገደኛ ልብ ውስጥ ነበር።

ከአባ ጽብራ በኋላ

አባ ጽብራ የመሠረቱት ገዳም ሰላም አላገኘም። በዚያው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የጸለምትና የስሜን ገዥዎች ክርስትናን ትተው ወደ አይሁድነት እንደገቡና እንደሸፈቱ ዜና መዋዕሉ ይናገራል። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ጦር ልከው ሸፍተው የነበሩትን ወደ ክርስትና መለሷቸው፤ የፈረሱትንም አብያተ ክርስቲያናት አሠሯቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ ዐፄ ሠርጸ ድንግል በስሜን አምባዎች ላይ ዘመቱ። ዐፄ ሱስንዮስም በ1610ዎቹ የመጨረሻውን የስሜን ቤተ እስራኤል መሪ ጌዴዎንን ወግተው ያ ሕዝብ በራሱ መሪ የሚተዳደርበት ዘመን አበቃ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቈረቍሩ የቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አንጥረኞችና ሸማኔዎች በከተማዋ ሥራ ላይ ተሰማሩ።

ጦር ተሸነፈ፣ አምባ ተሰበረ፣ ርስት ጠፋ። ሆኋርዋ ግን ቀረ። ይህ የአባ ጽብራን ሥራ ከቆዝሞስ ሥራ የሚለየው ነው። ቆዝሞስ ሰይፍ አንሥቶ በሰይፍ ጠፋ። አባ ጽብራ ግን መነኮሳትን አስተማሩ፤ መነኮሳቱ ቄሶችን፣ ቄሶቹ ሕዝቡን አስተማሩ። መንግሥት ሲፈርስ የቤተ እስራኤልን እምነት ተሸክሞ ያሻገረው ይህ የትምህርት ሰንሰለት ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የፓዶቫው ወጣት አይሁዳዊ ሊቅ ፊሎሴኖ ሉዛቶ ስለዚህ ሕዝብ ለማወቅ ጥያቄዎች ጽፎ በላከ ጊዜ፣ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ መልሱን የጠየቀው ከሆኋርዋው መነኩሴ ከአባ ይስሐቅ ነበር። በ1852 ዓ.ም. ገደማ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን በዚያ አካባቢ ሲዘዋወር የአባ ጽብራ ስምና ዋሻ በሕዝቡ አፍ ሕያው ሆኖ አገኘው። ሚሲዮናውያኑ በጀመሩት ስብከት ሕዝቡ በተናወጠ ጊዜም ተቃውሞውን የመሩት መነኮሳቱ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ አባ ማኅሪ በ1854 ዓ.ም. ብዙ ሰው አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ጕዞ ጀመሩ፤ በትግራይ ግን ረኀብና በሽታ ብዙዎቹን ጨረሰ።

የምንኵስናውን ጀርባ የሰበረው ክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። በዚያው የከብት እልቂትና አገር አቀፍ ረኀብ ተከተለ፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። ክርስቲያኑም ቤተ እስራኤሉም እኩል ረገፈ። መነኮሳቱ አለቁ፤ ተተኪ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ቄሶቹ ሕዝቡን ብቻቸውን መምራት ጀመሩ። በ20ኛው መቶ ዓመት መነኩሴ የሚባሉት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በዘመቻ ሰሎሞን አብዛኛው ሕዝብ ወደ እስራኤል ሄደ። ሆኋርዋም ያለ መነኩሴ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በአባ ጽብራ ታሪክ መስተዋት ሲታይ ልብ ይነካል። የእስራኤል ሰፋርዳውያን አይሁድ ሊቀ ካህናት ኦቫድያ ዮሴፍ በ1965 ዓ.ም. ቤተ እስራኤልን የዳን ነገድ ልጆች ናቸው ብለው ቢመሰክሩም፣ ወደ እስራኤል የገቡት ለጋብቻ በቀረቡ ጊዜ የሃይማኖት ባለሥልጣናቱ እንደ አዲስ ገቢ በውሃ እንዲጠመቁ ጠየቋቸው። በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ብዙዎቹ በኢየሩሳሌም ለሳምንታት በአደባባይ ተቀምጠው ተቃወሙ። ቄሶቻቸውም ለረዥም ጊዜ ለማጋባት ሥልጣን አልተሰጣቸውም። ከክርስትና የመጣን መነኩሴ በመምህርነት ወንበር ያስቀመጠ ሕዝብ፣ በሌላ ስፍራ ራሱ ከደጅ ቆሞ ማንነቱን ተጠየቀ። በጎንደር ከተማም አያቶቻቸው ክርስትና የተነሡ፣ እነርሱ ግን ወደ አያቶቻቸው እምነት የተመለሱ በሺሕ የሚቈጠሩ ቤተሰቦች ወደ እስራኤል ለመሄድ ለብዙ ዓመታት ሲጠባበቁ ታይተዋል። የወንዙ መሻገር ዛሬም አልቆመም።

ለእኛ የሚተርፈው

ቅርብ በሆኑት ዓመታት ባር ክሪቡስ የተባለ የመሬት ቍፋሮ ታሪክ አጥኚ በጎንደርና በስሜን ደጋዎች እየተዘዋወረ የቤተ እስራኤል መነኮሳት ስፍራዎችን ፈልጎ፣ በ2014 ዓ.ም. ገደማ መጽሐፍ አሳትሟል። የቀረው የድንጋይ አጥር፣ የቤት መሠረትና መቃብር ነው። በብዙ ስፍራ ባለቤቶቹ ሄደዋል፤ ቦታውን የሚያውቀው ጎረቤት የነበረው የክርስቲያን ገበሬ ልጅ ነው። እንግዲህ የዚያ ታሪክ አደራ በከፊል በእኛ እጅ ወድቋል።

ለቤተ ክርስቲያን ልጅ አባ ጽብራ የእምነት አርአያ አይሆኑም፤ መንገዳቸው ከእኛ ተለይቷል። ሕይወታቸው ግን ሁለት ነገር ያስገነዝበናል። አንደኛው፣ በንጉሥ ቍጣና በርስት መንጠቅ እምነትን ማስለወጥ እንደማይቻል ነው። የዘመኑ ኀያል ንጉሥ የገዛ ልጁን ልብ በጦር አልመለሰም። ሁለተኛው፣ ሰው ከተማረበት ቤት ቢወጣም የተማረው እንደማይጠፋ ነው። በስሜን ዋሻዎች ለአራት መቶ ዓመታት የተሰማው የግእዝ ጸሎት፣ የጾሙ ጽናት፣ የብራናው ጽሕፈት ከእኛው ገዳማት ትምህርት ጋር በአንድ ምንጭ የሚገናኝ ነው። በተመሳሳይ መንገድ እኛ ለቀዳሚት ሰንበት የምንሰጠው ክብር ከኦሪት ጋር ያስተሳስረናል።

በሰሞኑ በዓል ቤተሰብ በአንድነት ተሰብስቦ ሲጫወት፣ ሽማግሌዎች የጎንደርን ነገሥታትና ቅዱሳን ሲያወሱ፣ የሆኋርዋውን መነኩሴና አባቱን የተወውን የንጉሥ ልጅም ለልጆች ቢነግሩ መልካም ነው። ልጆቹ ከፋሲል ግንብ ሠሪዎች መካከል ኦሪትን በግእዝ የሚያነቡ ጎረቤቶች እንደነበሩ፣ የእነዚያም ጎረቤቶች የምንኵስና አባት በአንድ ወቅት የቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደነበሩ ይወቁ።

መልካም የጥምቀት በዓል።